እስከ ጋይንት ዝም ብዬ የሄድኩበት መንገድ

አንድ ጎበዝ ልጅ ትምህርቱን እንዲቀጥል አጥብቃችሁ ስትመክሩት፣ እናንተ በመከራችሁ ቁጥር እሱ እየራቀ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፤ ምክሩም ክፉ አልነበረም። ታዲያ ምን እንዳራቀው ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ የተረዳሁትንም በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ዘንድሮ ሥራ ለውጫለሁ። ከዜማ ቤት ወጥቼ፣ ጣሊያን ከሄደ በኋላ ደብረ ታቦር ላይ በተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር ጀምሬአለሁ። ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ሰው የሥራ ዘመን ትዝታ ሲጽፍ ያስቃል፤ ጓደኞቼም ስቀውብኛል። ቢሆንም አንዱን ሥራ ትቶ ሌላ የያዘ ሰው፣ የፊተኛውን ሳይረሳው ቢጽፈው ለኋለኛው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያስተማርኩት አንበሳሜ በሚባል ስፍራ፣ በአንድ ደብር ነው። ንባብ አስቆጥር ነበር። የደብሩ አለቃ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ለገበያው ቅርብ ስለ ሆነ በገበያ ቀን ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያነቡ ያዙኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ስህተቱ አይሰማም። ስለዚህ የገበያውን ቀን ስህተት በማግስቱ ስንለቅም እንውላለን። ደመወዜ በዓመት የሚሰፈርልኝ እህል ነበር፤ ጣሊያን ከገባ በኋላ ስፍሩ እያነሰ ሄደ፤ ስለሱ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ከዚያ እኔን ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ መዝገቡ ወደ ዜማ ቤታቸው ጠሩኝ። ቤታቸው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነበር። ረዳታቸው ሆንኩ፤ እሳቸው ትልልቆቹን ሲያስተምሩ እኔ ታናናሾቹን እይዛለሁ፤ እሳቸው ሲደክማቸው ደግሞ ትልልቆቹንም እቀበላለሁ።

ዜማ ቤት ላልገባ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ልጁ ፊደልና ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ይመጣል። እኛ ዘንድ እስከ ጾመ ድጓ ይማራል። ጾመ ድጓ በዐቢይ ጾም የሚቆመው የዜማ መጽሐፍ ነው። እሱን የጨረሰ ተማሪ እኛ ቤት የሚቀረው ነገር የለም፤ ከቀጠለ ዋናውን ድጓ ፍለጋ የጉናን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጋይንት መሄድ አለበት፤ ካልቀጠለ አገሩ ገብቶ ያገለግላል ወይም ያርሳል። መቀጠልና ማቆም የሚለየው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

የኔታ መዝገቡ ሲያስተምሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚቀመጡት። መጀመሪያ ንቀት ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደ ገባኝ፣ የልጁን ፊት ካዩ ስለሚያዝኑለት ድምፁን ብቻ ለመስማት ነው። ከድምፁ የሚያውቁት ነገር ብዙ ነበር። ከእለታት አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ልጅ ዜማውን ሳይስት አስቆሙትና፣ «ትናንት ምን በላህ?» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። «ሂድ፣ ከጓዳ ቂጣ አለ፤ በልተህ ና» አሉት። ያልበላ ልጅ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ድምፁ ትንሽ ይወድቃል፤ ጆሮዬን ካስለመድኩት ወዲህ እኔም እሰማዋለሁ።

ሌላው ልማዳቸው የእርማት ነው። ልጁ አንድ ቦታ ሲስት የሳተውን ደግሞ አያስብሉትም። ከዚያ በፊት ያለውን፣ አሳምሮ የሚያውቀውን መስመር አስቀድመው ያስብሉታል፤ ከዚያ ወደ ሳተው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ረግቶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ራሱን ያርማል። «ምን ያህል ቀረኝ፣ የኔታ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ «የዛሬው ይኸ ነው።»

እኔ ግን ማስረዳት እወዳለሁ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ፣ ለመኪናው መንገድ ያስጠርግ ጀመር። ጉልበት ያለው ሁሉ ድንጋይ ለመፍለጥ ይፈለጋል። ተማሪው ደግሞ ቁራሽ የሚለምንባቸው ቤቶች ጠበቡ፤ ባላገሩን አርበኛውም ስንቅ ይለዋል፣ ጣሊያኑም እህል ይለዋል፤ ለደበሎ ለባሹ ተማሪ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ጾመ ድጓ የጨረሱት ልጆች እንደ ድሮው ወደ ጋይንት መሄዳቸውን ተዉ። እኔም ለዚህ መላ እመታለሁ ብዬ ተነሣሁ። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ትልልቆቹን ሰብስቤ ስለ ቀሪው ትምህርት ማስረዳት ጀመርኩ።

በዚያን ጊዜ ከሁሉ የሚልቀው አድማሱ የሚባል ልጅ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ፣ አንዴ የሰማውን የማይለቅ። አንድ እሑድ በበትር መሬት ላይ መሰላል ሣልኩ። ጾመ ድጓ እዚህ፤ ከዚያ ድጓ፤ ከዚያ ዝማሬና መዋሥዕት፤ ከዚያ አቋቋም፤ ቅኔም አለ፤ መጻሕፍትም አለ። ለያንዳንዱ ስንት ክረምት እንደሚፈጅ እየተናገርኩ መስመር አሰመርኩ። አድማሱ መስመሮቹን ሲመለከት ቆየና፣ «መምህር፣ ይኸ ሁሉ የኔ ነው?» አለኝ።

የደስታ ጥያቄ መሰለኝ። «ሁሉም ያንተ ነው» አልኩት።

በሳምንቱ ሄደ። ተሰናብቶም አልሄደም። ያገኘሁት በኋላ ከተማ ስወርድ፣ ከመንገዱ ዳር ጠጠር ሲከካ ነው። መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣልኝ።

«ደህና ሰነበቱ፣ መምህር።»

«ለጣሊያኑ ሊሬ ብለህ ነው፣ አድማሱ?»

«ሊሬውስ ምን አላት። አንቱ መሬት ላይ የጫሩትን ባየሁ ጊዜ ግን፣ ስጨርስ ሸምግዬ ታየኝ።» ሳቀ። «እዚህ እንኳ ሲመሽ ካቦው ‘በቃህ፣ ግባ’ ይለኛል።»

ካቦ የሚሉት አሠሪውን ነው። ድምፁን ልብ አልኩት፤ የድንጋዩ አቧራ ጉሮሮው ገብቶ ሻክሯል። ከዚያ በኋላም ድምፁ አልጠራም፤ አድማሱም አልተመለሰም። ዛሬ ደህና ኑሮ አለው፤ ያገኘኝ እንደ ሆነ ሰላምታ አይነፍገኝም። ያ ድምፅ ግን ጠፋ። የሆነውን ለየኔታ ስነግራቸው፣ «ተራራውን በሙሉ አሸከምከው» አሉኝ።

እኔም መሰላል መሣሉን ተውኩ። ማስረዳቱን ግን አልተውኩም፤ በመሰላሉ ፋንታ ማወደስ ያዝኩ። የእኛ ወገን ልማድ ነው፤ ከእኛ በላይ ያለውን ቤት ስናነሣ ምድራዊ አናስመስለውም። «ጋይንት እኮ ድንጋዩም ዜማ ያውቃል» እንላለን። አባቶቻችን ሲሉት ሰምተን ነው፤ ለክብር የሚባል ነው። እኔም እልና እደግም ነበር።

ከሚሰሙኝ መካከል ተገኘ አለ። ከጉና ግርጌ የመጣ፣ አባቱ የሞተ፣ እናቱንና እሱን የእናቱ ወንድም አያ ካሴ የያዟቸው ልጅ ነው። እንደ አድማሱ ፈጣን አይደለም፤ ነገር ግን የያዘው አይናድም። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። በዜማችን ከፊደሉ በላይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፤ ይዘት የሚባለው ድምፁን ያዝ አድርጎ ያቆማል፤ ርክርክ የሚባለው ደግሞ ድምፁን እያንጠባጠበ ያወርዳል። ይዘትን ተከትሎ ርክርክ ሲመጣ ተገኘ ይቸኩላል። ሳይዝ ይወርዳል። ስናርመው ይታረማል፤ ሲፈራ ይመለስበታል።

አንድ ቀን ያችን የድንጋይ ውዳሴ ስደግም፣ ተገኘ ቀና ብሎ፣ «መምህር፣ ድንጋዩ የሚያውቅ ከሆነ እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለ።

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የኔታ መዝገቡ ግን ከግድግዳው ፊታቸውን መልሰው አዩኝ።

ጥቅምት ላይ አያ ካሴ በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ። ለየኔታ እጅ ነሥተው፣ «ልጁን ልወስድ ነው» አሉ። «ገብሴ ሊደርስ ነው። አጭዶ ሲጨርስ መንገድ ሥራ ይገባል፤ ካቦውን አነጋግሬአለሁ።»

«ጾመ ድጓውን እኮ ጨርሷል፣ አያ ካሴ» አልኩ፤ «ከዚህ ወዲያ ጋይንት ነው የሚቀረው።»

«ጋይንት፣ ጋይንት ትላላችሁ። የት ያድራል? ማን ያየዋል? እኔ ያላየሁት ቦታ አባት የሌለውን ልጅ ልስደድ?»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት የኔታ ተገኘን።

ተገኘ መሬት መሬት እያየ፣ «በቃኝ፣ የኔታ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። የኔታ እጃቸውን አነሡብኝና ዘጋሁት። ወደ አያ ካሴ ዞረው፣ «ገብስህ እስኪደርስ ስንት ሰንበት አለው?» አሉ። ገና ትንሽ ይቀረው ነበር። «እንግዲያው እስከዚያች ቀን ልጁን አውሰኝ። አጨዳው ሲጀመር ልጁ አልመጣ ቢል እንኳ አጫጅ አላሳጣህም» አሏቸው። አያ ካሴ ሽማግሌ እምቢ ማለት ከብዷቸው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የኔታ ለብቻዬ አስቀመጡኝ። ድሮ፣ እኔ ቤታቸው ሳልገባ፣ መንገዱ ሰላም ሳለና ጉልበታቸው ሳይታመም፣ ጾመ ድጓ የጨረሰውን ልጅ ሁሉ ራሳቸው ይዘውት ወደ ጋይንት ይሄዱ እንደ ነበር ነገሩኝ። እንዲማር ሳይሆን አይቶ እንዲመለስ። ከተመለሰ በኋላ ሂድም ቅርም አይሉትም ነበር።

«አሁን አንተ ትወስደዋለህ» አሉኝ። «ግን በመንገድ ስለ ትምህርት አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።»

«ከጠየቀኝስ፣ የኔታ?»

«‘ስትደርስ ታያለህ’ በለው።»

«ቢሳሳትስ?»

«መንገድ ሲስት አርመው።»

እንዲህ ያለ ከባድ ትእዛዝ ተሰጥቶኝ አያውቅም። በሶና ቆሎ ቋጥረን ተነሣን። ጉና ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ተገኘ ግን አገሩ ነውና ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል። ክምር ድንጋይ ከሚባለው ስፍራ ስንደርስ ለጣሊያን ያደረ ወታደር አስቆመን፤ ስንቃችንን ፈቶ ከቆሎው ዘገነና «እለፉ» አለን። ተገኘ ትንሽ እንደ ራቅን፣ «ለካ እሱም ቁራሽ ይለምናል» አለ። ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታ መጣልን። ስለ በግ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ እናቱ ወገብ አጫወተኝ። ያን ያህል ጊዜ አስተምሬው እናቱ ወገቧን እንደሚያማት አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የምናገረው እኔ ነበርኩና።

ከዚያ ጥቂት እንደ ሄድን፣ «መምህር፣ እዚያ ስስት ያባርሩኛል?» አለኝ።

ምላሴ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። «ስትደርስ ታያለህ» አልኩና ውኃ ጠጣሁ።

በመንገድ አድረን በማግስቱ ከቀትር በኋላ ደረስን። ታላቁ ድጓ ቤት ማለት በዛፍ ሥር የተዘረጋ ዳስና ዙሪያውን የተበተኑ የሣር ጎጆዎች ናቸው። ጌጡ የሚባል ጢማም ተማሪ ተቀበለን።

«ወንድሜ፣ አገርህ ወዴት ነው?» አለው ተገኘን። የቆሎ ተማሪ ዘመድ መጥቶ እንዳያስመልሰው አገሩን መደበቅ ልማዱ ነው። ተገኘ ግን መደበቂያ ሳያዘጋጅ ነው የመጣ።

«ጉና» አለ።

«ጉና? ጉና ገብስ እንጂ ዜማ ይበቅላል እንዴ?»

«ገብሱን ስትበሉት ይኸን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» አለ ተገኘ። በዙሪያው ያሉት ሳቁ፤ ጌጡም ሳቀና ከረጢቱን ተቀበለው።

ዳሱ ሥር ተቀመጥን። የድጓው መምህር በዕድሜ የገፉ ናቸው። ተራው የጌጡ ሆነ። ትልቅ ሰው ነው፤ ድጓውን ጨርሶ ለማስመስከር ተቃርቧል። ድምፁ ዳሱን ሞላው። እየሰማሁ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ይዘቱን ሳይዝ ርክርኩን ወረደ። ልክ እንደ ተገኘ። መምህሩ፣ «ድገም» አሉት። ደገመና ያችኑ ሳተ። «ድገም።» ለሦስተኛ ሲያቃናው ጌጡ ራሱን እየከከ፣ «ውሻ ያባረረኝ ይመስል እኮ ነው የምሮጥ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ መምህሩም ፈገግ አሉና የሚቀጥለውን ጠሩ።

ተገኘ ዘወር ብሎ አየኝ። እኔ እግሬን ተመለከትኩ።

ከዚያ መምህሩ፣ «እንግዳው፣ የምታውቀውን አሰማን» አሉት። ተገኘ ተነሥቶ ከጾመ ድጓ አዜመ። በመጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየረጋ መጣ፤ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ወረደ። «ድገም» አሉት መምህሩ፤ ለጌጡ ባሉበት በዚያው ድምፅ። ደገመ፤ ያዘ፤ ከዚያ አወረደ። ጌጡ ከኋላ፣ «እሱንም ውሻው አገኘው» አለ። ተገኘ ራሱ ሳቀ። ከብዙ ወር ወዲህ በትምህርት ላይ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያው ነበር።

ሲመሻሽ ጌጡ ጎጆዎቹን አሳየን። አንዷ ባዶ ነበረች፤ ባለቤቷ አስመስክሮ ሄዷል፣ ክዳኗን ክረምቱ በልቶታል።

«ይቺስ የማን ናት?» አለ ተገኘ።

«ሣር ላመጣ ሰው።»

ተገኘ ጎንበስ ብሎ ገባ። በእጁ ጣሪያውን ገፋ ገፋ አደረገና፣ «ማገሩ ደህና ነው» አለ።

ጠዋት ስነሣ አጠገቤ የለም። ስንቄን ቋጥሬ ደጅ ላይ ስጠብቅ፣ ማጭድ ተውሶ ኖሮ ትልቅ የሣር ሸክም በራሱ ላይ ይዞ መጣ። ሸክሙን ጎጆዋ በር ላይ ጣለው።

«መምህር፣ አሁን ከተነሡ ጉናን በፀሐይ ያልፉታል» አለኝ።

«አንተስ?»

«ጣሪያውን ሳልከድን እንዴት እሄዳለሁ?» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለእናቴ ይንገሩልኝ» አለ።

ለአያ ካሴ መንገሩ ግን ለእኔ ተረፈኝ። ከበራቸው ላይ ብቻዬን ሲያዩኝ አንቱታውን ተዉት። «ልጅ ይዘህ ሄደህ፣ አህያው እንደ ሞተበት ነጋዴ ባዶህን መጣህ?»

«አጫጅ አላሳጣህም ተብለው የለ? አጫጁ እኔ ነኝ» አልኩ።

አጨድኩም። እጄ ውኃ ቋጠረ፤ አያ ካሴ እጄን እያዩ፣ «ይኸ እጅ ከመቋሚያ በቀር ያየው የለም» እያሉ ሳቁብኝ፤ የተገኘ እናት ቅቤ ቀባችልኝ። ስለ ድጓ አንድ ነገር አላስረዳኋቸውም። አጨዳው ሲያልቅ ብቻ፣ «አያ ካሴ፣ ያላየሁት ቦታ ብለው ነበር፤ ሄደን እንየው» አልኳቸው።

በቅሏቸው ላይ ገብስ ጭነው አብረን ሄድን። ተገኘ ከዳሱ ሥር ተቀምጦ ነበርና አልጠሩትም። በቀጥታ ወደ ጎጆዋ ሄደው ዙሪያዋን ዞሩ፣ ከውስጥ ገብተው ወጡ፣ ክዳኑን ቀና ብለው አዩ።

«ይኸ ልጅ የሣሩን አፍ ወደ ነፋስ አዙሮ ነው የከደነው» አሉ። «በሚመጣው ክረምት ይገለብጥበታል።» ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ጣሪያው ላይ ወጥተው ሣሩን እየነቀሉ እንደ ገና ከደኑት። ተገኘ ሲመጣ ያገኛቸው እላይ ተቀምጠው ነው። ዝቅ ብለው አይተውት፣ «ማሰሪያ አቀብለኝ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?» አሉት።

ወደ አገር ስንመለስ ጉና ላይ ደርሰን ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ «ካቦውን ሌላ ሰው ፈልግ እለዋለሁ» አሉኝ። የዚያን ቀን ከትከሻዬ የወረደውን ነገር በቃል ልገልጸው አልችልም። የኔታ መዝገቡ ስነግራቸው፣ «የሚቀጥለውስ ማን ነው?» ብቻ ነው ያሉኝ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር አንድ አንድ እያልኩ ልጆች ወሰድኩ። ሁሉም አልቀሩም፤ አይቶ «አይሆነኝም» ብሎ የተመለሰ አለ፤ እሱም በሰላም አገሩ ገብቶ ያርሳል። ተገኘ ድጓውን አስመስክሮ ዛሬ እዚያው የመምህሩ ረዳት ነው።

እኔ እስከዚያ ድረስ ተማሪ የሚቀጥለው ጭንቅላቱ ሲፈጥን፣ ወይ ሆዱ ሲሞላ፣ ወይ ዘመዱ ሲፈቅድ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ሁሉ ይጎትታሉ። ነገር ግን የማያውቀው ቤት ለልጅ ሁልጊዜ ከልኩ በላይ ነው፤ እኛ ስናወድስለት ደግሞ ይብሱን ከፍ ይልበታል። ከፍታው የሚወርደው እዚያ ያለው ትልቅ ተማሪ ሲሳሳት በዓይኑ ሲያይና የሚተኛበትን ጣሪያ በእጁ ሲነካ ነው። ዘመዱም እንዲሁ ነው።

አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆቼ የዚህን ደረጃ ሲጨርሱ ቀጣዩ ያለው አዲስ አበባ ነው። እስከዚያ በእግር ልወስዳቸው አልችልም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ሞክሩልኝ። ከፍ ባለ ትምህርት ቤት ደጃፍ የምትኖሩ፣ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ልጅ ለአንድ ቀን ከልጆቻችሁ አጠገብ ይቀመጥ፤ አብሯቸው ይብላ፣ ሲሳሳቱ ይስማቸው። ቅርብ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ውሰዱት። በመንገድ ላይ ስለ ትምህርት አትንገሩት፤ ስለ በጉና ስለ እናቱ ጠይቁት። ስትደርሱም ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ልጁ ሄዶ የት እንደሚቀመጥ ተመልከቱ።